ድምፁ ቀደመ፣ መልኩ ተከተለ

የካንትሪ ዘፋኞችና የሬዲዮ ዲጄዎች የት ተገናኙ? ዲጄዎቹ የተገናኙበትን ቀን ሲያስታውሱስ ለምን ሁሉም ተመሳሳይ ነገር ያወራሉ?

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ከናሽቪል በስተደቡብ ብሬንትዉድ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ ቆሟል። ወገቡ ላይ ወፍሮ ወደ ላይም ወደ ታችም እየቀጠነ ስለሚሄድ ከሩቅ ላየው ግዙፍ እንዝርት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1932 የተተከለ የደብልዩ ኤስ ኤም ሬዲዮ ማሰራጫ ነው፤ ጉልበቱ 50 ሺህ ዋት። ቀን ቀን የሚሰማው የቴነሲና የአጎራባች ግዛቶች ሰው ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን የጣቢያው ግዛት ይሰፋል። መካከለኛውን ሞገድ ቀን ቀን ውጦ የሚያስቀረው የታችኛው የአየር ንብርብር ማታ ይጠፋል፤ ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣና ከላይኛው ንብርብር ላይ ነጥሮ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተመልሶ ይወርዳል። የጭነት መኪና ሹፌር፣ የፋብሪካ ዘበኛ፣ የሌሊት ነርስ፣ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ይሰማሉ።

ያ ሰው ለ15 ዓመታት ራልፍ ኤመሪ ነበር።

ኤመሪ የሌሊቱን ፈረቃ የተረከበው በ1957 ነው፤ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ። ያደገው በገጠር ቴነሲ በአያቶቹ እጅ ሲሆን የሬዲዮ ሥራን የተማረው ናሽቪል ውስጥ በነበረ የብሮድካስት ማሠልጠኛ ነው። የሌሊት ፈረቃ በየትኛውም ጣቢያ የጀማሪ ወይም የተቀጣ ሰው ቦታ ነው። እሱ ግን የከተማው ዘፋኞች ሁሉ የሚያመሹበት ቤት አደረገው። ዘፋኝ ቀረጻ ሲጨርስ፣ ከጉዞ ሲገባ ወይም ዝም ብሎ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ወደ ስቱዲዮው ጎራ ይላል። ማርቲ ሮቢንስ ሳይጠራ መጥቶ ፒያኖው ላይ ቁጭ ይልና አድማጭ የጠየቀውን ይዘፍን ነበር። የፊልምና የሙዚቃ ሰው የነበረው አንጋፋው ቴክስ ሪተር በ1965 ናሽቪል ሲገባ ከኤመሪ ጎን ተቀምጦ የሌሊቱን ፕሮግራም አብሮት ይመራ ጀመር።

ሬዲዮ ማታ ማታ ርቆ እንደሚሰማ ለእኛ ሀገር ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አባቶቻችን ከራት በኋላ የሬዲዮኑን አንቴና መዘው፣ ቁልፉን በስሱ እያዞሩ፣ ከሹክሹክታና ከፉጨት መሐል የአሜሪካን ድምፅን ወይም የጀርመንን ድምፅ ለይተው ሲያወጡ ያየ ልጅ የቴነሲውን ጭነት መኪና ሹፌር አይስተውም። ካንትሪ ሙዚቃም ለኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ቃኘው ስቴሽን፣ የራሱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበረው። ለወታደሮቹ ተብሎ የሚለቀቀው ዘፈን አጥር አያግደውም፤ የከተማው ወጣትም እኩል ሰማው። በካሴት ዘመን ደግሞ ጂም ሪቭስ፣ ዶን ዊሊያምስ፣ ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን በየቤቱ ነበሩ። ግጥሙ ሁሉ ላይገባን ይችላል፤ ቢሆንም ሰውየው ሐዘኑን ወይም ናፍቆቱን ቁጭ ብሎ እያወጋን እንደሆነ እናውቅ ነበር። የማናውቀው እነዚያ ዘፈኖች ሬዲዮ ላይ እንዴት እንደደረሱ ነው።

ከሸክላው ጋር የመጣው ሰው

ዛሬ ዘፈን የሚመርጥልን ስልካችን ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ፣ በተለይም በትንንሾቹ ከተሞች፣ መራጩ ዲጄው ነበር። ጠዋት ፖስታው ይመጣል። ጥቅሉ ሲከፈት ከባለ 45 ዙሩ ሸክላ ጋር የዘፋኙ ፎቶ፣ ስለ እሱ የተጻፈ አንድ ገጽ ወሬ፣ አንዳንዴም በእጅ የተጻፈ የልመና ደብዳቤ ይወጣል። ዲጄው ሸክላውን ማጫወቻው ላይ ያስቀምጥና መርፌውን ያሳርፋል፤ ካልጣመው በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ አንስቶ ቅርጫት ውስጥ ይወረውረዋል። ከጣመው ግን ከሰዓት ላይ አየር ላይ ነው። ስልክ ከተደወለ ማታም ይደገማል። ጎረቤት ከተማ ያለው ዲጄ ይሰማና እሱም ያጫውተዋል።

ይህ ሥልጣን ገንዘብ መጥራቱ አልቀረም። ለማጫወት ጉቦ መቀበል በተለይ በሮክ ሙዚቃው በኩል ተስፋፍቶ በ1959 እና በ60 የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ከፍቶበታል፤ ያልተነገረ ክፍያ መቀበልም በሕግ ተከለከለ። ካንትሪው ንጹሕ ነበር ለማለት አልደፍርም። በካንትሪው ሠፈር ግን ከገንዘቡ በፊት ሌላ ልማድ ነበር። ዘፋኙ ራሱ በአካል ይመጣል።

ከሁሉ የሚታወቀው የሎሬታ ሊን ነው። በኬንታኪ የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደር ተወልዳ፣ በ15 ዓመቷ ተድራ፣ ከባሏ ጋር እስከ ዋሺንግተን ግዛት ድረስ ተሰድዳ፣ ልጆች እያሳደገች ባሏ በገዛላት ርካሽ ጊታር መዝፈን የተማረች ሴት ናት። በ1960 አንድ ትንሽ የሸክላ ኩባንያ የመጀመሪያ ዘፈኗን አወጣላት። ኩባንያው ለማስታወቂያ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ባሏ ፎቶ አነሳት፣ ሸክላውን ከፎቶው ጋር በየጣቢያው በፖስታ ላኩ፣ ከዚያም መኪናቸው ውስጥ ገብተው ጣቢያ ለጣቢያ ተጓዙ። መኪናው ውስጥ ያድራሉ፤ ምግባቸው ዳቦና ቋሊማ ነው። ከርቀት የሬዲዮ አንቴና ሲያዩ ከመንገድ ይወጣሉ። እሷ ልብሷን ትቀይርና ገብታ ከዲጄው ጋር ታወራለች። ዘፈኑ በዚያው ዓመት በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 14ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በጥቅምት ወር ሎሬታ የደብልዩ ኤስ ኤም ጣቢያ ሳምንታዊ የካንትሪ ዝግጅት በሆነው በታዋቂው የግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ቆመች።

> ከርቀት አንቴና ሲያዩ ከመንገድ ይወጣሉ። እሷ ልብሷን ትቀይርና ገብታ ከዲጄው ጋር ታወራለች።

የዚያ ትውልድ ዲጄዎች የዘፋኝ ትዝታቸውን ሲያወሩ ዘፈኑን ብዙም አያነሱትም። የሚያነሱት ቡናውን ነው፤ ዘፋኙ የስቱዲዮውን ጸሐፊ በስሟ መጥራቱን፣ በዓመቱ ሲመለስ የዲጄውን የታመመ ልጅ መጠየቁን፣ መውጫው ላይ ዞር ብሎ አመሰግናለሁ ማለቱን። «እንደ ጎረቤቴ ነበር» የሚለው ሐሳብ በሁሉም አፍ አለ። ብዙ እንዲህ ያሉ ትዝታዎችን አከታትሎ የሰማ ሰው መጠርጠር ይጀምራል። እንዴት ሁሉም ደግ ይሆናሉ? ከእነዚህ ዘፋኞች ውስጥ ጠጪው፣ ተደባዳቢው፣ ኮንሰርት ቀጥሮ የሚቀረው ጥቂት አልነበረም።

እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። ትሕትናው የሙያው አካል ነበር። ካንትሪ ዘፋኝ የሚሸጠው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ካንተው መንደር የወጣ ሰው ነኝ የሚለውን እምነትም ነው የሚሸጠው። አድማጩ ዘፋኙን የሚያምነው ዲጄው ካመነው ብቻ ነው። ዲጄው ደግሞ ዘፋኙ ኮራ ካለበት ነገ ጠዋት አየር ላይ ስለ ሰውየው ምንም ክፉ ሳይናገር ሸክላውን ብቻ ከመደርደሪያ ያጠፋዋል። ስለዚህ ዘፋኙ በዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከኮንሰርቱ መድረክ የበለጠ ይሠራ ነበር። ይህን ማለቴ ደግነቱ ሁሉ ማስመሰል ነበር ለማለት አይደለም። ባለሱቅ ደንበኛውን በፈገግታ የሚቀበለው ሊሸጥለት ስለፈለገ ነው፤ ደንበኛውን ሊወደውም ይችላል።

ፎቶ የሌለው ጥቅል

በ1966 መጀመሪያ ላይ አርሲኤ የተባለው ታላቅ የሸክላ ኩባንያ ለካንትሪ ጣቢያዎች አንድ አዲስ ዘፋኝ ላከ። በሸክላው ላይ የተጻፈው «ካንትሪ ቻርሊ ፕራይድ» ይላል። ከጥቅሉ ጋር እንደ ወትሮው የዘፋኙ ፎቶ አልነበረም። ቀጥለው የወጡት ሸክላዎችም እንዲሁ ያለ ፎቶ መጡ። ዲጄዎቹ መርፌውን አሳረፉ። ከወፍራም የደቡብ ቅላጼ ጋር የሚወጣ፣ የጠራ፣ ያልተጣደፈ የወንድ ድምፅ ሰሙ። ወደዱት፤ አጫወቱት።

ቻርሊ ፕራይድ ጥቁር ነበር።

ይህን ዜና ለመመዘን ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ምግብ ቤት እንዲቀመጡ የሚያስገድደው ሕግ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ናሽቪል ራሷ ውስጥ፣ ኦፕሪ ከሚታይበት ከራይማን አዳራሽ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ጥቁር ተማሪዎች በ1960 «ነጭ ብቻ» በሚሉ የምሳ ባንኮኒዎች ላይ ተቀምጠው ሲደበደቡና ሲታሠሩ ነበር። ካንትሪ ደግሞ ገበያው የነጭ ሙዚቃ ብሎ የለየው ነው። የለየው ገበያው ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ እንዲያ አይደለም። ባንጆ ከአፍሪካ በመጡ ባሮች እጅ የተወለደ መሣሪያ ነው። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚለው ስም ራሱ በ1927 አየር ላይ የወጣው ዲፎርድ ቤይሊ የተባለ ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ተራውን ተጫውቶ ሲጨርስ እንደሆነ ይተረካል። ቤይሊ ከኦፕሪ የመጀመሪያ ኮከቦች አንዱ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ለኮንሰርት ሲወጣ ግን እነሱ የሚያድሩበት ሆቴል እሱን አያሳድርም ነበር። በ1941 ከኦፕሪ አሰናበቱት፤ ናሽቪል ውስጥ ጫማ እያስዋበ ኖረ። የካንትሪ የክብር አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2005፣ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ፕራይድ የተወለደው በ1934 ሚሲሲፒ ውስጥ ስሌጅ በምትባል መንደር ነው። ከ11 ልጆች አንዱ ሲሆን አባቱ እኩል አራሽ ነበር፤ የሰው መሬት አርሶ ጥጡን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈል ማለት ነው። የጭሰኛን ኑሮ ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ቤቱ ውስጥ የነበረው ትልቅ ንብረት ፊልኮ ሬዲዮ ነው። ቅዳሜ ማታ አባቱ የሚከፍተው የናሽቪሉን ጣቢያ ነበር። ልጁ ካንትሪን የቀሰመው እንዲህ ነው፤ ያ በሌሊት ርቆ የሚሄድ ሞገድ የቆዳ ቀለም እየለየ አይወርድም። በ14 ዓመቱ ጊታር ገዛ። ሕልሙ ግን ቤዝቦል ነበር። ከጥጥ ማሳ የሚያወጣው መንገድ ያ ይመስለው ነበርና በጥቁሮቹ ሊግ ለሜምፊስ ቡድን ተጫወተ። በኋላም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞንታና ሄደ። ኢስት ሄሌና ውስጥ በማዕድን ማቅለጫ ይሠራል፣ ለከተማው ቡድን ይጫወታል፣ ከጨዋታው በፊት ሜዳው ላይ ይዘፍናል፤ ለመዝፈኑም ለብቻው ይከፈለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ዲጄ ይገባል። በ1962 ሬድ ፎሊና ሬድ ሶቫይን የተባሉ ሁለት ዝነኛ የካንትሪ ዘፋኞች ሄሌና ለኮንሰርት ሲመጡ አንድ የአካባቢው ዲጄ ፕራይድን ይዞ ከመድረክ ጀርባ ገባና አስተዋወቃቸው። ሰሙት። ሶቫይን ወደ ናሽቪል ሂድ አለው። በዚያች ከተማ ያ ዲጄ ባይኖር፣ ወይም አፍሮ ዝም ቢል፣ ማቅለጫው አንድ ጥሩ ሠራተኛ ይኖረው ነበር፤ ካንትሪ ደግሞ ይህን ድምፅ አያገኝም። ስለ ዲጄ ሥልጣን ሲወራ ሁሌም ሸክላ ማጫወቱ ይነሳል። ሰው ይዞ ከመድረክ ጀርባ መግባቱም ሥልጣን ነው፤ ይህኛው አይጻፍለትም።

ናሽቪል ውስጥ ጃክ ክሌመንት የተባለ ፕሮዲዩሰር ቀረጸው። የአርሲኤው ኃላፊ ቼት አትኪንስ ቅጂውን ለኩባንያው ሹማምንት ሲያሰማ መጀመሪያ ድምፁን ብቻ አሰማቸው፤ ከወደዱት በኋላ ማንነቱን ነገራቸው። ተስማሙ። ከዚያ በኋላ እነሱው የተሰማቸውን ድንጋጤ ለዲጄዎቹ ላለማሰማት ወሰኑ።

ከበሩ ሲገባ

ምስጢሩ ተቆልፎ አልቀረም። ዘፋኝ ከሆንክ ኮንሰርት መሥራትህ አይቀርም። በ1966 መገባደጃ ዲትሮይት ውስጥ በትልቅ አዳራሽ ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ሰውየው ወደ ብርሃኑ ብቅ ሲል ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ። ፕራይድ ያን ጊዜ ያደረገውን በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍም በቃለ መጠይቆቹም ደጋግሞ ተርኮታል። ፀሐይ የማይለቅ ቀለም ሰጥታኝ ካንትሪ ለመዝፈን መምጣቴ እንግዳ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ዘፈነ፤ ማጨብጨብ ያቆሙት እጆችም ተመለሱ።

ዲጄዎቹ ጋር ሲደርስ ነገሩ ከዚህ በጠበበ ክፍል ውስጥ ይፈጸማል። አሥር ሺህ ሰው ፊት ያለ ዝምታ አለ፤ ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ዝምታ ደግሞ አለ። ሁለተኛው ይከብዳል፤ በቀልድ ቢያልፍም የሚስቀው አንድ ሰው ነው። የዚያ ዘመን ዲጄዎች ሲያወሩ በሩ ሲከፈት የጠበቁት ሌላ ሰው እንደነበር አይደብቁም። ሾፌሩ ነው ብሎ ያሰበ አለ። ዘፋኙ ከኋላ እየመጣ ነው ብሎ የጠበቀም አለ። ከዚያ ሰውየው ተቀመጠ፣ አወራ፣ የቤዝቦል ጨዋታ አነሱ፣ ጠዋት ሲዘፍን በጣቢያው የሰሙትን ድምፅ ሲናገርም ሰሙት። ትዝታው በዚህ ያልቃል፤ «ከዚያ በኋላ ያው ቻርሊ ነበር» ብለው ይዘጉታል።

ይህ ትዝታ ደስ ይላል። ግን ከተናጋሪዎቹ ብዛት ጋር ሲተያይ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሸክላውን ከመደርደሪያ ያወረዱት የት ሄዱ? እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች እንደነበሩ ይታወቃል። ፋሮን ያንግ የተባለው ነጭ ዘፋኝ አንዱን ጣቢያ የፕራይድን ዘፈን ካወረዳችሁ የኔንም አውርዱ እንዳለ ይነገራል፤ ማንም ሸክላውን ያላወረደ ቢሆን ይህ ወሬ አይወለድም ነበር። ያወረደው ዲጄ ግን ትዝታ የለውም። ቢኖረውም በበዓል ግብዣ ላይ አያወራውም። ሰው በወጣትነቱ ያስተናገደውን እንግዳ ያስታውሳል፤ በሩን የዘጋበትን አያነሳም።

> ሸክላውን ያወረደው ዲጄ ትዝታ የለውም። ቢኖረውም በበዓል ግብዣ ላይ አያወራውም።

ለዚህ ነው በፕራይድ ላይ ትሕትናው ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ ሥራ ነበር የምለው። ነጭ ዘፋኝ ዲጄው ፊት ካንተው መንደር ነኝ ማለት ይበቃዋል። ፕራይድ ያንኑ እያለ በዚያው ላይ ደግሞ የተቀመጠውን ሰው ድንጋጤ ራሱ ማረጋጋት ነበረበት። ጋባዡን እንግዳው አጽናናው። አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ተቺዎች ይህን ልዝብነቱን አልወደዱለትም፤ በመብት ትግሉ ዘመን የተቃውሞ ድምፅ አልሆነም ብለው። ፕራይድ በበኩሉ ሰው የፈለገውን ይበል፣ የምዘፍነው የኔን ሙዚቃ ነው በሚል አቋሙ ጸና። ሁለቱም ወገን ይገባኛል። ያን ቀልድ ዲትሮይት ላይ አንድ ጊዜ መስማት ያስቃል። ከተማ ለከተማ፣ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ይዞት መዞሩን ሲያስቡት ግን ሳቁ ይቀንሳል።

በጥር 1967 ፕራይድ በአባቱ ፊልኮ እየሰማው ባደገው በኦፕሪ መድረክ ላይ ወጣ፤ ዘፋኙ ኧርነስት ተብ አስተዋወቀው። ከአራት ዓመት በኋላ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ ብሎ ሸለመው። ይህ ማኅበር ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስቃል። ሥሩ በ1950ዎቹ የተቋቋመ የካንትሪ ዲጄዎች ማኅበር ነው። ሮክ ሙዚቃ ጣቢያዎቹን ሲነጥቃቸው በ1958 ሰፋ አድርገው እንደገና መሠረቱት።

ያልተሳካ ሌሊት

ጥሩ ትዝታ ብቻ ሲከማች ጥርጣሬ ያመጣል ብያለሁና መጥፎውንም ላንሳ። በመጋቢት 1968 ዘ በርድስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ሮክ ተጫዋቾች ጸጉራቸውን አሳድገው ናሽቪል መጡ። ካንትሪ ሊቀረጹ ነው። ኦፕሪ ላይ እንዲዘፍኑ ተፈቀደላቸው፤ እዚያም ከተስማሙበት ዘፈን ውጭ ሌላ በመዝፈናቸው አዘጋጆቹ ተቆጡ። በዚያው ሰሞን ወደ ራልፍ ኤመሪ የሌሊት ስቱዲዮም ሄዱ። ኤመሪ አልወደዳቸውም። አዲሱን ዘፈናቸውን ለማጫወት አቅማማ፤ ሲያጫውተውም እንዳልጣመው በዚያው አየር ላይ አሳወቀ። እነዚያ ሰዎች እንደ ሎሬታ ቡና ጠጥተው አመስግነው አልወጡም። ከመካከላቸው ሁለቱ ተቀምጠው በእሱ ላይ የሚያሾፍ ዘፈን ጻፉ፤ በ1969 በአልበም አወጡት። ከዚያ ወዲህ ራልፍ ኤመሪ በሮክ አድማጭ ዘንድ የሚታወቀው በዚያ ዘፈን ነው።

ስለ ኤመሪ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሰውየው የሚያጫውተውን ሙያ ከውስጥም ሞክሮታል። ፋሮን ያንግ በዘፈነው ዝነኛ ዘፈን ላይ የመልስ ዘፈን በ1961 አውጥቶ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለተኛ አልተሳካለትም። ዘፋኟ ስኪተር ዴቪስም ለጥቂት ዓመታት ባለቤቱ ነበረች። በኋላ በቴሌቪዥን ከ1983 እስከ 93 «ናሽቪል ናው»ን ሲመራ በሌሊት ፈረቃ የተማረውን ይዞ ነው የሄደው። ጥያቄው አጭር ነው፣ እንግዳው ሲናገር አያቋርጥም፣ የረሳውን የልጅነት ወሬ ቀስ ብሎ ያወጣለታል። በ1991 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ «ትዝታዎች» የሚል ሲሆን በጣም ተሽጧል። ዲጄ ከዘፋኞች ጋር ያሳለፈውን ጊዜ ሰው ገንዘብ ከፍሎ እንደሚያነበው ያኔ ታየ።

ፕራይድ በ2000፣ ኤመሪ በ2007 የካንትሪ የክብር አዳራሽ ውስጥ ገቡ። ስማቸው ናሽቪል ውስጥ ክብ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የነሐስ ሰሌዳ ላይ አለ። ሰሌዳዎቹ በዓመት ወይም በዝና ቅደም ተከተል አልተደረደሩም፤ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ ተብሎ ተደባልቀዋል።

አሁን በሩ የማን ነው

አዲስ የካንትሪ ዘፋኝ ዛሬም ጣቢያ ለጣቢያ ይዞራል። «የሬዲዮ ጉዞ» ይሉታል። የሚዘፍነው ግን ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጊታሩን ይዞ ምሳቸውን ለሚበሉ የጣቢያው ሠራተኞች ሁለት ሦስት ዘፈን ያሰማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወደሚቀጥለው ከተማ ይበራል። ከ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በኋላ አንድ ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን መግዛት ቻለ፤ የሚጫወተው ዝርዝር ከዋና መሥሪያ ቤት ይመጣል። ብዙ ከተማ ላይ የሌሊቱ ድምፅ ሌላ ከተማ ውስጥ ቀን ላይ የተቀዳ ነው። ጎራ የሚባልበት ስቱዲዮ የለም። ጎራ ቢባልም ውስጥ ሰው የለም።

አንጋፋዎቹ ዲጄዎች በዚህ ይበሳጫሉ። እነሱ ሲናገሩ ዘፈን የሚመርጠው የነሱ ጆሮ ነበር፤ የዛሬው ልጅ ግን ኮምፒውተር የሰጠውን ያነባል። አብዛኛው እውነት ነው። በ2015 አንድ የሬዲዮ አማካሪ ጣቢያዎች የሴት ዘፋኞችን ዘፈን እንዳያበዙ መክሮ ወንዶቹን ከሰላጣ፣ ሴቶቹን ከቲማቲም ጋር ሲያመሳስል ትልቅ ቁጣ ተነሳ። ከዝርዝሩ ጀርባ ያለው አስተሳሰብ በዚያ ወጣ። ይሁንና በጆሮ ይመረጥ በነበረበት ዘመንም ለሴት በሩ ሰፊ አልነበረም። ሎሬታ ሊን በ1975 ስለ ወሊድ መከላከያ ኪኒን የዘፈነችውን ዘፈን አላጫውትም ያሉት ብዙ ጣቢያዎች ናቸው፤ ያኔ ውሳኔው የመጣው ከዋና መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከ15 ዓመት በፊት ቡና የጋበዟት ዲጄዎች ከነዚያ መካከል ይኖሩ ይሆናል።

በኅዳር 2020 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ለቻርሊ ፕራይድ የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጠው። ያኔ የ86 ዓመት አዛውንት ነበር። ጂሚ አለን ከተባለ ወጣት ጥቁር የካንትሪ ዘፋኝ ጋር ሆኖ በ1971 ያወጣውን ዝነኛ ዘፈኑን ዘፈነ። አለን የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኑ በሬዲዮ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣለት ዘፋኝ ነው። ፕራይድ በወሩ በኮቪድ ዳላስ ውስጥ አረፈ። በነጋታው ጣቢያዎቹ ዘፈኖቹን ደጋገሙ፤ አዛውንቶቹ ዲጄዎችም ስለዚያ በር መከፈት በየስልኩ ተጠየቁ።